ብዙዎች በሆንንበት ስፍራ

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከምዕራብ ጎጃም ነዋሪዎች ከ98 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቤተ ክርስቲያናችን ልጆች ነበሩ። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሚኖሩ ሙስሊሞች በሰፊ ባሕር መካከል እንዳለች ትንሽ ደሴት ናቸው። አባቶቻቸው በቀደመው ሥርዓት የርስት ባለቤትነት ስላልተፈቀደላቸው በአብዛኛው በንግድና በሽመና ኖረዋል።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ መስጊዶችና የሙስሊሞች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ የእኛም ምስክርነት አብሮ ቆስሏል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉና ካህናት ሲገደሉ አልቅሰናል፤ በዚያ ጥቂቶቹ እኛ ነበርን። በዚያ ለምእመናን የጠየቅነውን ጥበቃ በዚህ ለጎረቤቶቻችን ከነፈግን፣ ጩኸታችን የወገንተኝነት እንጂ የፍትሕ አይሆንም።

ይህ ሃይማኖትን መቀላቀል አይደለም። ጌታችን ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ምሳሌ ያደረገው ሳምራዊውን ነው። ስለዚህ ያልተጣራ ወሬ ወጣቱን ከመንዳቱ በፊት ካህናት በዐውደ ምሕረት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችም በጉባኤያቸው ይህን ሊያስተምሩ ይገባል። የብዙዎች እምነት የሚመዘነው በመካከላቸው ያሉ ጥቂቶች ያለ ስጋት በማደራቸው ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።