ከኩፍኝ የዳኑትን ልጆች መልሳችሁ አምጧቸው

ይህን ጥሪ የምጽፈው ኩፍኝ ይዟቸው ስለዳኑ ልጆች ነው። ትኩሳቱ በርዷል፤ ሽፍታው ረግፏል፤ ጎረቤት ቡና ጠጥቶ «እንኳን ፈጣሪ ማረልሽ» ብሎ ሄዷል። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆም ሆነ በሻምቡና በደምቢዶሎ እናት እፎይ የምትለው እዚህ ላይ ነው። በኦሮምኛ ጊፊራ የሚባለው ይህ በሽታ ግን ከቆዳ ላይ ቢጠፋም ጣጣው አያልቅም። በዓይን፣ በጆሮ፣ በሳንባና በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ብቅ ይላል።

ልመናዬ ይኸው ነው፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት ኩፍኝ የያዘው ልጅ ካላችሁ፣ ደህና ቢመስልም፣ ዓይኑ፣ ጆሮው፣ ደረቱና ክብደቱ እንዲታይ ወደ ጤና ጣቢያ መልሱት። በዚህ ሳምንት።

ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ገባ። ቫይረሱ ከለቀቀ በኋላ ድካሙና ሕመሙ ለወራት ሊቆይ እንደሚችል፣ ልጆችንም እንደማይምር ዓለም ሁሉ እንደ አዲስ ነገር ሲያወራ ሰነበተ። እኛ ዘንድ ግን «ኩፍኝ ከያዘው ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው» የሚባል ልጅ የሚታወቅበት ሰፈር ብዙ ነው። የሚባለው ይባላል፣ ልጁን ግን ማንም ወደ ሐኪም አይወስደውም።

ከዓይን ልጀምር፤ ቶሎ ከተደረሰበት የሚድነው እሱ ነውና። ኩፍኝ በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ አሟጥጦ ይጨርሳል። ልጁ ከመጀመሪያውም ምግብ ያነሰው ከሆነ የዓይኑ ፊት ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊፈርጥ ይችላል። ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይቀራል። አስቀድሞ ሊታይ የሚችለው ምልክት ዳፍንት ነው፦ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ የዋለው ልጅ ሲመሽ በርጩማውን እየመታ ይሄዳል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የኢትዮጵያ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ልጆችን መርምሮ ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ በዓይን ፊት ጠባሳ ነበር፤ ከመንስኤዎቹም ዋነኞቹ ኩፍኝና የቫይታሚን ኤ እጥረት ነበሩ። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሁሉ የሚያልፍባት ባኮም የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አላት። ክብር የሚገባው ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን በጊዜው በተሰጠ የቫይታሚን ኤ እንክብል ሊድን በሚችል ዓይን የተነሣ አንድም ልጅ እዚያ መግባት የለበትም።

እንክብሉ ውድ ነገር አይደለም። ኩፍኝ ለያዘው ልጅ በተከታታይ ሁለት ቀን ይሰጣል፤ ዓይኑ ላይ ምልክት ከታየ ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ሦስተኛ ይጨመራል። በቀላሉ የሚረሳው ይህ ሦስተኛው ነው፤ እስከዚያ ልጁ ድኗል፣ እናትም ወደ ማሳዋ ተመልሳለች። መጠኑ እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ፣ ሲበዛም ስለሚጎዳ፣ ከጤና ባለሙያ እጅ ተቀበሉ፤ ከዚህ በፊት የወሰደው ካለም ንገሩ። ዓይኑ ውስጥ የቅጠል ጭማቂም ሆነ የጡት ወተት አትጨምሩ። ልጁን ጨለማ ጓዳ ውስጥ ማስተኛትም ብርሃን የሚወጋውን ዓይን ያሳርፈው ይሆናል እንጂ ቁስሉን አያድነውም፤ ይባስ ብሎ ቁስሉን ከእናቱ ዓይን ይደብቃል። «ኩፍኝ የያዘው ልጅ መርፌ አይነካውም» የሚለው አነጋገርም ስንቱን ከሐኪም ደጅ አስቀርቷል።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ የወለጋ ሰው አንጮቴ አጥንት ይጠግናል ይላል፤ አልከራከርም። ለዓይን ግን ጥቁር ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላልና የበሰለ ማንጎ ይበልጣሉ። ማንጎ የወለጋ ጓሮ በረከት ነበር፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ነጭ ተባይ ዛፉን እያደረቀ ከብዙ ቤት ነሣው እንጂ። ጎመኑ ግን አለ። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁበት ብሉ፤ ቫይታሚኑ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም።

ጆሮ ላይ ነገሩ ዝግ ብሎ ይሄዳል። ኩፍኝ ከያዛቸው ከአሥር ልጆች አንዱ ያህል የጆሮ ኢንፌክሽን ይይዘዋል። ጆሮው ይመግላል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይመግላል። ጆሮው ከመገለ ቅቤም ሆነ ዘይት ማፍሰስ አይበጅም፤ ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እያደረቃችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። እንዲህ ያለው ልጅ ክፍል ውስጥ የሚታወቀው በስንፍናው ነው። መምህሩ ሲጠራው አይሰማም፣ አልታዘዝም ያለ ይመስላል፣ ይቀጣል።

ሳንባውም አለ። ኩፍኝ ሰውነት ቀድሞ ያሸነፋቸውን በሽታዎች የሚያስታውስበትን አቅም ያጠፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በኔዘርላንድስ 77 ያልተከተቡ ልጆችን ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ፣ የበሽታ መከላከያ ፀረ እንግዳ አካላቸው ከ11 እስከ 73 በመቶ መጥፋቱን አገኘ። ተቅማጡና የሳንባ ምቹ እየተመላለሰ ልጁን የሚያከሳው ለዚህ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሊቆይም ይችላል። ከሁሉ የከፋው ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርሰው ነው። ቫይረሱ አንጎል ውስጥ ተደብቆ ይኖርና ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ቆይቶ ይነሣል። ጎበዝ የነበረው ተማሪ መርሳት ይጀምራል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ መድኃኒትም የለውም። በሕፃንነቱ፣ ዓመት ሳይሞላው ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከሌላው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

የወለጋ ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። ባለፉት ዓመታት በአራቱም የወለጋ ዞኖች የነበረው ግጭት መንገድ ዘግቷል፣ ጤና ኬላ አዘርፏል፣ ሕዝብ አፈናቅሏል። ክትባት ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚቆየው፤ መብራትና ነዳጅ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ባዶ ሣጥን ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነበር፤ ገና ልማድ ሳይሆን ኮቪድና ግጭት ተከታትለው መጡ። በ2023 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ900 ሺህ በላይ ሕፃናት አንድም የመደበኛ ክትባት እንዳላገኙ ዓለም አቀፉ ግምት ያሳያል። ኩፍኝ ለእንዲህ ያለ ክፍተት አይተኛም፦ አንድ የታመመ ሰው ያልተከተቡ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ ይችላል፤ ቫይረሱም በሽተኛው ከወጣ በኋላ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ተጨናንቀው ባደሩበት አዳራሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ይህን ክፍተት መሙላት ይቻላል ወይ ለሚል፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ኮቪድ በተስፋፋበት ጊዜ፣ አገሪቱ ከ14 ሚሊዮን በላይ ልጆችን በዘመቻ ለኩፍኝ ከትባለች።

መምህራን ሆይ፣ ትምህርት ሲከፈት ከስም ጥሪው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ኩፍኝ የያዘው ማን ነው?» ስማቸውን ጻፉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ መጨረሻው ወንበር ውሰዱትና ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዲያነብ ጠይቁት፤ ከጀርባው ቆማችሁም በዝግታ ስሙን ጥሩት። ካላነበበ ወይም ካልዞረ ለወላጁ የሪፈር ወረቀት ጻፉለት። ይህ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ በጀትም አይጠይቅም።

የጤና ኤክስቴንሽን እህቶች፣ ሥራ እንደበዛባችሁ አውቃለሁ። ቢሆንም በኩፍኝ የተመዘገበውን ልጅ ስም መዝገብ ውስጥ አትቅበሩት። የመመለሻ ቀን ስጡት፤ ካልመጣ ቤት ሄዳችሁ እዩት። የዞንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የቫይታሚን ኤ እንክብል መኖሩን ወረርሽኝ ሳይነሣ ያረጋግጡ። የነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ለእነዚህ ልጆች የዓይንና የጆሮ ምርመራ ቢለዩላቸው፣ ዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተማሪዎቹን ወደ ጊምቢ፣ ወደ አርጆና ወደ ሻምቡ ቢልክ፣ ለተማሪውም ትምህርት ነው።

ቀሳውስትና ኢማሞች፣ የዕድር ዳኞችም፣ ከጸሎት ወይም ከስብሰባ በኋላ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ያለው ይመለስ፤ ያልተከተበ ያለው ያስከትብ። ከገጠር ወደ ከተማ የምትመላለሱ ሾፌሮች ዓይኑ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ስታገኙ ሒሳብ ማሩላት።

የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል። ቀኑ ያለፈበትም ልጅ አልረፈደበትም፤ አምስት ዓመት ካልሞላው ውሰዱትና ጠይቁ። ከዚህ ቀደም ኩፍኝ ይዞታል ተብሎም ክትባት አይቀርበትም፤ ትኩሳትና ሽፍታ ሁሉ ኩፍኝ አይደለም። የክትባት ካርዱ በስደት ጠፍቶ ከሆነም በባዶ እጃችሁ ሂዱ። የተከተበ መሆኑ ካልታወቀ እንደገና ቢከተብ ልጁን አይጎዳውም።