የሁለተኛው ዓመት መስከረም

ባለፈው ሳምንት አውሮፓ ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቱን ከሚከታተል የቀድሞ ተማሪዬ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ዶክተር፣ እንግዲህ ሁለተኛው ዓመት ተጀመረ» ይላል። ባሕር ማዶ ተምሮ ለማያውቅ ሰው ይህ ተራ ዜና ነው። እኔን ግን አስደነገጠኝ።

የመጀመሪያው ዓመት እንግድነት ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ስለሆነ ሰው ስለ ራሱ የሚያስብበት ፋታ አያገኝም፤ ቀን ይቈጥራል፣ ይናፍቃል፣ ከአገሩ የያዘውን በርበሬ ይቈጥባል። የሁለተኛው ዓመት ትምህርት ሲከፈት ግን ነገሩ ይለወጣል። አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ሄዶ አዲስ የሚመጡትን የሚቀበለው እርሱ ነው። የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ ርካሽ ምስር የት እንደሚሸጥ የሚነግራቸው እርሱ ነው። ሳያውቀው ባለአገር ሆኗል። ትምህርቱ የሚጀመረው በነሐሴ ስለሆነም መስከረም አንድ ሲጠባ የእርሱ ዘመን ከተለወጠ ሰንብቷል። ስለ ምሁራን ፍልሰት በተነሣ ቍጥር ሁላችንም የምናየው የምረቃውን ቀን ነው፤ ተመርቆ ቀረ ወይስ ተመለሰ? ውሳኔው ግን በምረቃ ቀን የሚወሰን አይመስለኝም። የሚወሰነው የሁለተኛው ዓመት በር ሲከፈት፣ ማንም ሳያይ፣ አንዳንዴም ተማሪው ራሱ ሳያውቀው ነው።

እኔ ይህን ያወቅሁት በርገን ላይ ነው። በርገን በዓመት ከ200 ቀን በላይ የሚዘንብባት የምዕራብ ኖርዌይ የወደብ ከተማ ናት። ነሐሴ 1999 ዓ.ም. የማስተርስ ትምህርቴን ሁለተኛ ዓመት ስጀምር የምኖረው ከከተማዋ ወጣ ባለው በፋንቶፍት የተማሪዎች መኖሪያ ነበር። የምማረው የኖርዌይ መንግሥት ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ባዘጋጀው፣ «ኮታ» ተብሎ በሚጠራው መርሐ ግብር ነበር። የመርሐ ግብሩ አሠራር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ለተማሪው የሚሰጠው ገንዘብ ከፊሉ ስጦታ፣ ከፊሉ ብድር ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ከገባ ብድሩ ይሰረዝለታል፤ ከቀረ ይከፍላል። «ፈረንጅ ዕዳህን የሚተውልህ እናትህ ቤት ስትገባ ነው» እያልን እንቀልድ ነበር።

አገሬም በበኩሏ ያለ ወረቀት አልሰደደችኝም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው የአክስቴ ልጅ ዋስ ሆኖልኝ የግዴታ ውል ፈርሜ ነው የወጣሁት። እንግዲህ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ወረቀት መሆኑ ነው። አንዱ «ከተመለስህ እምርሃለሁ» ይላል፤ ሌላው «ካልተመለስህ ዋስህን እይዛለሁ» ይላል። ተመልሼ ምን እንደምሠራ የሚናገር መስመር ግን በሁለቱም ላይ አልነበረም።

የዚያ ክረምት የፖለቲካ አየር ምን ይመስል እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ ደርሶበት ነበር። ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸው የቅንጅት መሪዎች በይቅርታ የተፈቱትም ያን ጊዜ፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ነው። በፋንቶፍት የጋራ ወጥ ቤት ፖለቲካው ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይከተፍ ነበር። «አሁንማ ይሻላል፣ እንመለስ» የሚል ነበረ፤ «ይቅርታ ጠይቀው የወጡባት አገር ናት እኮ» የሚልም ነበረ። ከመካከላችን አንዱ፣ ቀልደኛውና ተወዳጁ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ቅጽ አምጥቶ ለሚፈልግ ሁሉ ያድል ጀመር። እኔም አንድ ወሰድሁ። መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት፤ አልሞላሁትም፣ አልቀደድሁትምም።

ሚሊኒየሙ የገባው ረቡዕ ዕለት ነበር፣ በፈረንጆች መስከረም 12 ቀን 2007። አዲስ አበባ ቦሌ ላይ ለበዓሉ የተሠራው አዳራሽ በሙዚቃ ሲናጥ እኔ ጠዋት ሴሚናር ነበረኝ። ማታ የበርገን አበሾች ተሰብስበን በሻንጣ በመጣ የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በላን። በስልክ ካርድ ወደ ቤት ስደውል መስመሩ ተጨናንቆ ከብዙ ሙከራ በኋላ እናቴን አገኘኋት። «ልጄ፣ አዲሱ ዓመት እንዴት ገባልህ?» አለችኝ። «እኛ እኮ ከጀመርን ወር ሊሆነን ነው» አልኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የተናገርሁት ነገር የተሰማኝ። «እኛ» ያልሁት ማንን ነው?

አገር ወዳድነቴ መለሰኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። የመለሰኝ በዚያው በመስከረም ወር ከትምህርት ክፍል ኀላፊያችን የደረሰኝ አራት መስመር ኢሜይል ነው። ኀላፊያችን አረጋዊ፣ ቍጡ፣ በኮምፒውተር መጻፍ የማይወዱ ሰው ነበሩ። በሚመጣው ዓመት የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስተምረው ሰው ጡረታ እንደሚወጣ፣ ኮርሱ ለእኔ እንደተመደበ፣ መማሪያ መጽሐፉ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሌለ ሁለት ቅጂ ይዤ እንድመጣ ጻፉልኝ። እንኳን አደረሰህ እንኳ አላሉም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው ስለዚያ ኮርስ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት ሁለቱን መጻሕፍት ይዤ ተመለስሁ፤ ብድሬም ተሰረዘ። ቅጹን የት እንዳደረስሁት አላስታውስም።

ወደ ቀደመው ታሪካችን ብንመለከትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሕክምና ተምረው የተመለሱ ነበሩ፤ ፋሺስት በገባ ጊዜ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን በሊቀመንበርነት መርተዋል። ይልማ ዴሬሳም ለንደን ኢኮኖሚክስ ተምረው መጥተው የዚያው ማኅበር አባል ሆነዋል። በዚያ ዘመን የሚጠብቃቸው ሥራ ከእነርሱ ቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። በአንጻሩ በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ፤ ብዙዎቹ ውጭ ተምረው፣ መቅረት እየቻሉ የተመለሱ ነበሩ። ያ ደብዳቤ የደረሰው ለእነርሱ ብቻ አይደለም። ያኔ በየአገሩ ሁለተኛ ዓመቱን ይጀምር የነበረው ተማሪ ሁሉ አንብቦታል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከእኔ ዘመን ይልቅ ከብዷል። የኮታው መርሐ ግብር በፈረንጆች 2010ሮቹ አጋማሽ ተዘግቷል፤ በ2023 ደግሞ ኖርዌይ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጡ አዳዲስ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ጀምራለች። አሜሪካ በሐምሌ 2025 ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን ቪዛ፣ የተማሪውንም ጨምሮ፣ በአብዛኛው ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ አድርጋዋለች። ያን ቪዛ ይዞ የገባ ልጅ ለእረፍት አገር ቤት ደርሶ መመለስ ቢያሻው እንደገና ኤምባሲ ደጅ ሊቆም ነው። ስለዚህ አይመጣም። በእኛ በኩልስ? በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ውጭ የነበረ የመቐለ ልጅ የቤተሰቡን ድምፅ ሳይሰማ ዓመት ጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የጎንደሩም ልጅ ተራው ደርሶታል። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ አቁመው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሲገባ፣ የመምህሩ ደመወዝ በውጭ ምንዛሪ ሲሰላ ግማሽ ያህል ሆኖ አደረ። ይህን ሁሉ ሩቅ ያለው ተማሪ በስልኩ ይከታተላል። ከእኛ ይልቅ እርሱ በደንብ ያሰላዋል።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት የትምህርት ክፍላችንን ወክዬ በተቀመጥሁበት አንድ ኮሚቴ የአንድ መምህር ጉዳይ ቀረበ። ልጁ ጊዜው አልፎ አልተመለሰም። ሰነዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አገላበጥሁት። በአራት ዓመት ውስጥ ከተቋሙ የተጻፈለት ሁለት ደብዳቤ ነበር። ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ናቸው። ምን ይጠና፣ ምርምሩ የት ደረሰ፣ ሲመለስ የትኛውን ኮርስ ይይዛል የሚል አንዲት ቃል አላገኘሁም። ሦስተኛው ደብዳቤ የተጻፈው ለዋሱ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከደመወዙ እንዲቈረጥ። ውሉ ግልጽ ነው፤ ሕጉም ግልጽ ነው። ፈረምሁ። ከስብሰባው ስወጣ ትዝ ያለኝ የአክስቴ ልጅ ነበር።

«ውል ውል ነው፤ የድሃ ሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበታል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ልክ ናቸው። ሕዝብ የከፈለለትን ትምህርት ይዞ የሚቀር ሰው ዕዳ አለበት ብዬ እኔም አምናለሁ፤ ከምቾት የተነሣ ቀርቶ በየመድረኩ ስለ አገር የሚያለቅሰውን ደግሞ ከማንም በላይ እታዘበዋለሁ። ነገር ግን ውል ሁለት ወገን አለው። እኛ እንደ ሠራተኛ ልከነው እንደ ተጠርጣሪ የምንጠብቀው ሰው፣ የእኛ መሆኑን በምን ይወቅ? በየነሐሴው አንድ ደብዳቤ ስንት ያስወጣል? የዓመቱን የኮርስ ድልድል ስንሠራ ውጭ ያሉትን ስም በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በጋራ እንዲያማክሩ መስጠት፣ በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ በኢንተርኔት እንዲገኙ ማድረግ፣ ለዚህ ከገንዘብ ሚኒስቴር የሚጠየቅ በጀት አለን? ደመወዙንና ጦርነቱን የትምህርት ክፍል አያስተካክልም፤ አውቃለሁ። ሆኖም የምንችለውን ሳናደርግ የማንችለውን ስናማርር ሃያ ዓመት አለፈን።

ለቀድሞው ተማሪዬ መልስ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እንደ አረጋዊው ኀላፊ «ኮርስ ተመድቦልሃል» ልለው ፈልጌ ነበር፤ ግን አልተመደበለትም፤ ልዋሸውም አልወደድሁም። ስለዚህ የምርምሩ ሁለተኛ ምዕራፍ የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። በሚመጣው ዓመት የእርሱን የጥናት መስክ የሚያስተምር ሰው እንደሌለንና ስሙን በድልድሉ ስብሰባ ላይ እንደማነሣ ጻፍሁለት።

ማታ መለሰልኝ። ስለ ምዕራፉም ስለ ድልድሉም ያለው ነገር የለም። አመስግኖኝ፣ ስለ ጤንነቴ ጠይቆኝ፣ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፤ «ዶክተር፣ ምናልባት ነገር ቢመጣ፣ የወንድሜን ደመወዝ እንዳይነኩብኝ አደራ።»