አምቡላንሱ በምን ይጠራ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፣ የወልድያ፣ የመርሳ፣ የሀብሩ ልጆች።

ስልክ የለም። ኔትወርኩ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል። ሀብሩ ቆላ ውስጥ አንዲት እናት ምጥ ይዟት ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንሱ መርሳ ቆሟል። ሾፌሩ አለ፣ ነዳጅም አለ እንበል። ለሾፌሩ ማን ነው የሚነግረው? በምን?

መልሱን ታውቁታላችሁ። እግሩ የፈጠነ ጎረምሳ ተልኮ ነው። እሱ እስኪደርስ ቃሬዛ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።

«ኧረ ስልክ ስንት ጊዜ ጠፍቶ ያውቃል?» የሚለኝ ካለ የዚህ አገር ሰው አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያም መርሳም ጦርነት ውስጥ ነበሩ። ስልክ፣ መብራት፣ ባንክ ሁሉም ተቋርጦ ነበር። የቅርብ ዘመዱን ሞት ከወራት በኋላ የሰማ ስንቱ ነው! ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ ተራ የስልክ ጥሪውም በየቦታው መጣ ሄደ ሲል ከረመ።

ማን ዘጋው፣ ለምን ዘጋው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። በዚያ ላይ ተጣልተን ተጣልተን ደክሞናል። ፌስቡክ ጠፋብኝ ብዬም አይደለም የምጮኸው። የእኔ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ያነሰ ስለሆነም ምክንያት የለውም። የንግዱ ስልክ ሲሞት አምቡላንሱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቀይ መስቀሉና የአደጋ መከላከል ሠራተኛው ለምን አብረው ይሞታሉ? ለእነሱ ብቻ የሚያገለግል የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ፣ ከመደበኛው ሂደት ወጣ ባለ ልዩ ፈቃድ፣ ያለ ክፍያና በአጭር ጊዜ ለምን አይሰጣቸውም?

ፍሪኩዌንሲ ሲባል የሚከብዳችሁ ካላችሁ እንደ መሬት አስቡት። የሕዝብ ሀብት ነው። አዲስ አይፈበረክም፤ ያለውን ሸንሽኖ ለዚህ ይሄን፣ ለዚያ ያንን ማለት ነው። የሚሸነሽነው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሀብቱ ዋጋ እንዳለው መንግሥት አሳምሮ ያውቃል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ለሚመራው ጥምረት የቴሌኮም ፈቃድ ሲሰጥ የተከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ይሄ ገንዘብ ለማማና ለገመድ የተከፈለ አይደለም፤ በአገሪቱ አየር ላይ ለመሥራት የተከፈለ ነው።

ታዲያ አምቡላንስ ከዚህ አየር ምን ያህል ይፈልጋል? እስቲ እናስላው። ለድምፅ ብቻ የሚሆን አንድ የቪኤችኤፍ ቻናል 12.5 ኪሎ ኸርዝ ይበቃዋል። አንድ የ4ጂ ሞገድ ደግሞ እስከ 20 ሜጋ ኸርዝ ይወስዳል። በዚያ ስፋት ውስጥ 1,600 የድምፅ ቻናል ይገባል። እኔ ለወልድያ፣ ለጉባላፍቶና ለሀብሩ የምጠይቀው አራት አምስት ቻናል ነው። ከሰፊ እርሻ ላይ አንዲት መደብ ማለት ናት! ይሄን መስጠት ኢትዮ ቴሌኮምን አያከስርም፣ ሳፋሪኮምንም አያሳድድም።

ዕቃውም ሮኬት አይደለም። በእጅ የሚያዝ የ5 ዋት ሬዲዮ በእኛ ተራራ መሃል ብቻውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ቪኤችኤፍ ተራራ አይበሳም። ግን ከመርሳ በስተ ምዕራብ ካለው ሰንሰለት አንዱ ከፍታ ላይ ሪፒተር ስቀሉ። ሪፒተር ማለት ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ በጉልበት መልሶ የሚያሰራጭ ዕቃ ነው። ሶላርና ባትሪ ስጡት። ያኔ በመርሳና በወልድያ መካከል ያለው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ሲሪንቃን ጨምሮ፣ ይሸፈናል። የቆላው ቀበሌም ተራራው እስከታየው ድረስ ይሰማል። ከዚያ ለሚርቀው፣ ለምሳሌ ከመርሳ ደሴ ወይም ባሕር ዳር፣ ኤችኤፍ የሚባለው ሬዲዮ አለ። ሞገዱ ከላይኛው አየር ነጥሮ ስለሚመለስ በመካከል ማማ አይፈልግም። ቀይ መስቀልና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ ለአሥርት ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት ነው። የአየር ሰዓት ክፍያ የለ፣ ካርድ መሙላት የለ።

አቅም የለም እንዳትሉኝ ደግሞ። በ1990ዎቹ «ወረዳ ኔት» ተብሎ በሳተላይት ወረዳዎችን ከማእከል ጋር የሚያገናኝ መረብ ተዘርግቶ ነበር። ባለሥልጣን አዲስ አበባ ተቀምጦ የወረዳ ካቢኔን በቪዲዮ እንዲሰበስብ። ለስብሰባ ሲሆን ፍሪኩዌንሲው ተገኘ፣ በጀቱ ተገኘ፣ ዲሹ ተተከለ። ለምጥ ሲሆን ግን «ይታያል» ነው!

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም ዕቃ ከውጭ ማስገባትን ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የሆላንድ ክፍል ለሦስት ወር ሲታገድ ከቀረቡበት ክሶች አንዱ ያልተፈቀደ የሳተላይት ሬዲዮ አስገብቶ ተጠቅሟል የሚል ነበር። ክሱ ልክ ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው አልገባም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄን የሰማ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው። ትልቅ የውጭ ድርጅት በሬዲዮ ሲከሰስ አይቶ «ለአምቡላንሳችን ሬዲዮ እንግዛ» ብሎ የሚፈርመው ማን ነው? እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልፈርምም። ሕጉ በሩን እንዲዘጋ አድርጎ ሠርቶታል፤ የአደጋ ጊዜ በር ግን አልተወለትም።

ሌላው ዓለም ያን በር እንዴት እንደከፈተ እንይ። በ2001 እንደ ፈረንጆቹ፣ መስከረም 11 ቀን፣ ኒውዮርክ ላይ ሕንፃዎቹ ሲነዱ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ከላይ ሆኖ ይወድቃል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እሳት አደጋዎቹ ግን የፖሊስን ሬዲዮ አይሰሙም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያ በኋላ አሜሪካኖች ለዓመታት ተከራከሩ። በግንቦት 2010 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አገራዊው መረብ እስኪሠራ አንጠብቅም ብሎ ለ21 ከተሞች፣ አውራጃዎችና ግዛቶች ከመደበኛው ደንብ ነፃ የሚያደርግ ልዩ ፈቃድ ሰጠ፤ በ700 ሜጋ ኸርዝ የራሳቸውን የነፍስ አድን መረብ ይጀምሩ ብሎ። በ2012 ደግሞ ምክር ቤቱ 20 ሜጋ ኸርዝና 7 ቢሊዮን ዶላር መድቦ አገራዊውን መረብ በሕግ አቋቋመ። ልዩ ፈቃዱን ካገኙት ውስጥ ብዙዎቹ ሳይሠሩበት ቀሩ፤ ገንዘብ አልነበራቸውማ። ይሄም ለእኛ ትምህርት ነው፦ ፈቃድ ያለ በጀት ወረቀት ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው ካላችሁ ኬንያ እዚሁ ናት። በ2013 እንደ ፈረንጆቹ የናይሮቢው ዌስትጌት የገበያ አዳራሽ ሲጠቃ ፖሊስና ጦሩ መናበብ አቅቷቸው እርስ በርስ እስከ መታኮስ ደረሱ። በዓመቱ 15 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ የሚያወጣ የፖሊስ መገናኛ ውል ተፈረመ። ሥራውን የወሰደው ማን መሰላችሁ? ሳፋሪኮም! ዛሬ እኛ አገር ሲም ካርድ የሚሸጠው። እንግዲህ ቴክኖሎጂው ምሥራቅ አፍሪካ አልደረሰም ልትሉኝ ነው?

ዓለም አቀፉ ስምምነትም አለ። በ1998 የወጣውና ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የታምፔሬ ስምምነት ስለዚህ ጉዳይ ብቻ የተጻፈ ነው። አደጋ ሲደርስ የመገናኛ ዕቃን የሚያግዱ ደንቦች፣ የፍሪኩዌንሲ ፈቃዱም የጉምሩኩም፣ ይቅለሉ ወይም ይነሱ ነው የሚለው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም ከ2003 ጀምሮ አገሮች ለነፍስ አድን ሥራ የጋራ ፍሪኩዌንሲ እንዲመድቡ ሲያሳስብ ኖሯል።

አሁን ተቃውሞውን ላንሳ፤ ከኮሜንት ሳጥኑ ቀድሜ።

«የጸጥታ ችግር ባለበት አካባቢ ሬዲዮ መስጠት አደገኛ ነው። የታጠቀ ኃይል እጅ ይገባል።» ይሄ ባዶ ስጋት አይደለም፣ አልንቀውም። ግን አስቡት። የተመዘገበ ሬዲዮ ቁጥር አለው፣ የጥሪ ስም አለው፣ የሚያዝበት መኪናና ጤና ጣቢያ ይታወቃል። ሪፒተሩ አንድ ቦታ ነው ያለው፤ ቢያስፈልግ የጠፋው ሬዲዮ እንዳይሠራበት ይደረጋል። የሚነገረውን ደግሞ ማንም መስማት ይችላል፤ «መርሳ ጤና ጣቢያ፣ አንዲት ወላድ አለች» ከማለት በቀር ምሥጢር የለውማ። ተዋጊ እንዲህ ባለ ክፍት ቻናል ላይ ዕቅዱን አያወራም። በሌላ በኩል ሐኪሞችና አምቡላንሶች የሚታወቅ ቻናል ሲኖራቸው፣ «ይሄ መኪና ማን ነው፣ ወዴት ነው?» ለሚለው ፍተሻ መልስ አለ። ሁለቱም ወገን አምቡላንስን በጥርጣሬ በሚያይበት አገር ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

«በጀት የለም።» ፍሪኩዌንሲው በልዩ ፈቃድ ከተሰጠ ክፍያ የለውም። ዕቃው ደግሞ በየዓመቱ ለስብሰባ አበልና ለባነር ከሚወጣው ጋር ይነጻጸር፤ ከዚያ እናውራ። እናንተም ውጭ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። አምቡላንስ ትገዛላችሁ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን መጥሪያ የሌለው አምቡላንስ የቆመ መኪና ነው። ቀጥሎ ገንዘብ ስታዋጡ «ሬዲዮ ይገጠምለታል ወይ? ፈቃዱስ ተጠይቋል?» በሉ።

«ኔትወርኩ ሲስፋፋ ችግሩ ይፈታል።» አይፈታም። አደጋ የደረሰ ቀን ሁሉም ሰው አንድ ጊዜ ስለሚደውል ጤነኛው ኔትወርክም ይጨናነቃል። ማማው መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ነው። እና ደግሞ በትእዛዝ የሚዘጋ ነገር የቱንም ያህል ቢሰፋ ይዘጋል።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ላይ የሆነውን አስታውሱ። መሬቱ መጀመሪያ ሲናድ ጎረቤት በእጁና በዶማ ሊያወጣ ሮጠ። ሁለተኛው ናዳ የመጣው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሬዲዮ ቢኖር ሁሉም ይተርፉ ነበር አልልም፤ እንዲህ ብሎ የሚናገር ይዋሻል። ነገር ግን ተራራ ሥር ቤት የሠራነው እኛም ነን፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ የሚወርድብን እኛም ነን። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይሄው፣ ቁልጭ ብሎ፦

1. የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለሰሜን ወሎ የጤናና የአደጋ ሥራ ብቻ የሚውሉ ጥቂት የቪኤችኤፍና የኤችኤፍ ቻናሎችን ለይቶ በልዩ ፈቃድ ይስጥ፤ ከክፍያ ነፃ፣ ለማመልከቻው መልስ የሚሰጥበት ቀን በጽሑፍ ተቆርጦ።

2. ለእነዚህ ቻናሎች የሚገቡ ዕቃዎች በአንድ መስኮት ይፈቀዱ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት አምስት መሥሪያ ቤት አይንከራተት።

3. ሞባይል ለማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ እነዚህ ቻናሎች እንዳይነኩ በመመሪያ ይጻፍ። ይሄኛው ዋናው ነው። እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

4. ዞኑና ክልሉ ለሪፒተሩ፣ ለባትሪውና ለሥልጠናው በጀት ይያዙ። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከፍታውን መለካት፣ ሽፋኑን መሞከር፣ ባለሙያ ማሠልጠን ይችላሉ፤ ይጠየቁ።

ይሄን የሚቃወም ፖለቲከኛ ካለ በስሙ ይውጣና «አምቡላንሱ አይሰማ» ይበል። አይልም። የሚሆነው ሌላ ነው፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንከባለላል፣ «ከሚመለከተው አካል ጋር እየተነጋገርን ነው» ይባላል፣ እስከሚቀጥለው መቋረጥ ድረስ። ስለዚህ ዝም አንበል። የወረዳ ምክር ቤት አባላችሁን ጠይቁ። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ስልክ ሲጠፋ በሽተኛ እንዴት እንደምትልኩ እዚህ ሥር ጻፉ፤ ስምና ቦታ ሳትጠቅሱ። የሬዲዮ ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ከመርሳና ከወልድያ በላይ የትኛው ከፍታ ለሪፒተር እንደሚሻል አምጡና እንወያይ።

ሼር አድርጉት። ኔትወርክ እያለ።