መንጃ ፈቃድ አደራ ነው

መንጃ ፈቃድ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት ብዙ ሰው ከኪሱ አንዲት ትንሽ ካርድ አውጥቶ ያሳያል። ካርዷ ግን የነገሩ ምልክት ናት እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለችም። መንጃ ፈቃድ ማለት ሕዝብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አማካይነት ለአንድ ሰው፣ «ይህን ከባድ ብረት በልጆቻችንና በሽማግሌዎቻችን መካከል ይዘህ ብታልፍ እናምንሃለን» ብሎ የሚሰጠው አደራ ነው። አደራ ደግሞ ለሚገባው ይሰጣል እንጂ ለከፈለ አይሸጥም። እኔ እንደማምነው፣ መንጃ ፈቃድን በገንዘብ የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ ሰው የሚነግደው በወረቀት ሳይሆን በማያውቀው መንገደኛ ሕይወት ነው። በአገራችን አውቶሞቢል ለመንዳት የሚያበቃው ዕድሜ 18 ዓመት ነውና፣ እናንተ ወጣት አንባብያን ወደዚያ መሥሪያ ቤት መስኮት ለመድረስ የቀራችሁ ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ነገሩን ከአሁኑ ልታስቡበት ይገባል።

ጉዳዩን በቅርብ ለመመልከት እንዲረዳን በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘውን የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በምሳሌነት እንውሰድ። ጠዋት በ2 ሰዓት ገደማ በመካኒሳ፣ በጀሞ፣ በለቡ ወይም በሃና ማርያም መንገድ ዳር ቆሞ የተመለከተ ሰው ብዙ ነገር ያያል። የጭነት መኪናው አሸዋና ሲሚንቶ ተሸክሞ ያዘግማል፤ ታክሲው ተሳፋሪ ለማንሣት ከመሐል ወደ ዳር ይታጠፋል፤ ባጃጁ በቀረው ጠባብ ቦታ ይሾልካል። ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው፣ እናቶች ሕፃናትን አዝለው ለመሻገር ይጠባበቃሉ። ሰፊው የቀለበት መንገድ በሚያልፍበት በኩል ደግሞ መሻገሪያ ድልድይ እያለ አጥሩን ዘልለው የሚሻገሩ አይታጡም። ይህ ሁሉ ሕዝብ አንዱ ሌላውን በስሙ አያውቀውም፤ ቆሞም አይነጋገርም። ሆኖም እያንዳንዱ «ያ ነጂ ቀይ መብራት ሲያይ ይቆማል፤ ፍሬኑም ይይዝለታል» ብሎ አምኖ እግሩን ከአስፋልቱ ላይ ያሳርፋል። ንፋስ ስልክ የሚለው ስም የመጣው ያለ ሽቦ በአየር ከሚተላለፈው የራዲዮ ቴሌግራፍ ነው። በመንገድ ላይም በነጂውና በእግረኛው መካከል የማይታይ መልእክት አለ። መልእክቱ እንዳይቋረጥ የመጠበቅ ኃላፊነት የተጣለው በመንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ላይ ነው።

የመንገድ ሕግ በባሕርዩ ስምምነት መሆኑን የሚያስረዳ አንድ የታሪክ ማስረጃ አለን። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ተሽከርካሪዎች የሚጓዙት የመንገዱን ግራ ይዘው ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ግን አገሪቱ ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረች። ልብ በሉ፤ ግራው ኃጢአት፣ ቀኙ ጽድቅ ሆኖ አይደለም። ዛሬም በግራ የሚነዱ ብዙ አገሮች አሉ። ሰውን ከሞት የሚያድነው የተመረጠው ወገን ሳይሆን ሁሉም በአንድነት የተመረጠውን መጠበቁ ነው። በዚያች ቀን አንድ ነጂ እንኳ «እኔ አልሰማሁም» ብሎ በአሮጌው ወገን ቢነዳ ሊደርስ የሚችለውን ጥፋት መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የሚጠይቀው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ «ሌሎች የተስማሙበትን አንተም ታውቃለህን? ልትጠብቀውስ ትችላለህን?» ፈተናውን ሳያልፍ ካርዱን የያዘ ሰው፣ ስምምነቱን ሳያውቅ በተስማሙት መካከል የገባ እንግዳ ነው።

ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ ሲመጣላቸው በከተማው የሚያጋጨው ሌላ መኪና አልነበረም። አንድ መኪና ብቻ ባለበት አገር የመንገድ ስምምነት እምብዛም አያስፈልግም። መኪና ሲበዛ ግን ሕግ ሊበዛ ግድ ነው። በሌሎች አገሮችም የሆነው ይኸው ነው። በእንግሊዝ አገር በ1903 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ያለ አንዳች ፈተና፣ አምስት ሽልንግ ለከፈለ ሁሉ ነበር። ፈቃዱ ዕውቀትን ሳይሆን መክፈልን ብቻ ያረጋግጥ ነበር ማለት ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. በዚያች አገር በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ7,000 በላይ ሆነ። በተከታዩ ዓመት በ1935 እ.ኤ.አ. ለአዲስ ነጂዎች ፈተና ግዴታ ተደረገ፤ በከተማ ውስጥም የፍጥነት ወሰን ተደነገገ፤ የሟቾቹም ቁጥር በዚያው ዓመት ቀነሰ። ለመቀነሱ ምክንያቱ ፈተናው ብቻ ነው ማለት ባይቻልም፣ አንድ ትምህርት ግን ግልጽ ነው። እንግሊዞች ያለ ፈተና በክፍያ ብቻ ፈቃድ የመስጠትን ልማድ ሞክረውት፣ ዋጋውን በሰው ሕይወት ከፍለው ትተውታል። ዛሬ በጉቦ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ሌላው ዓለም ከዘጠና ዓመት በፊት የጣለውን ሥርዓት በጓሮ በር መልሶ የሚያስገባ ነው።

የእኛ አገር ሕግ በዚህ ረገድ ጎደሎ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600/2000፣ ከዚያም በ2010 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ስማቸው ራሱ ሐሳባቸውን ይናገራል፤ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይላሉ። ብቃት የምትለዋን ቃል ልብ በሏት። ካርዱ የሚመሰክረው ለብቃት ነው። ለዚህም ሲባል አሠልጣኝና ፈታኝ እንዲለያዩ ተደርጓል። ሥልጠናውን የሚሰጡት ፈቃድ ያላቸው የማሠልጠኛ ተቋማት ሲሆኑ፣ ፈትኖ የሚያረጋግጠው የመንግሥት ባለሥልጣን ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ አማካይነት ያከናውናል። አመልካቹ ጤንነቱን አስመርምሮ፣ ንድፈ ሐሳቡን ተምሮ፣ መሪ ጨብጦ ተለማምዶ በፈታኝ ፊት ይቀርባል። እያንዳንዱ እርምጃ ለአንድ ጥያቄ መልስ ነው። ዓይኑ ያያልን? ምልክቱን ያውቃልን? እጁና እግሩ ይታዘዙለታልን? ከእነዚህ አንዱን በገንዘብ መዝለል ጥያቄውን ሳይመለስ መተው ነው። ያልተመለሰውም ጥያቄ አንድ ቀን በመንገድ ላይ መጠየቁ አይቀርም።

ስለ ተሽከርካሪው ምዝገባም የሚነገረው ከዚህ የተለየ አይደለም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን የሚሉትን ቃላት ከጣሊያንኛ እንደ ወረስን ሁሉ፣ ታርጋንና ቦሎንም የወረስነው ከዚያው ነው። ታርጋ የተሽከርካሪው ስም ነው። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ሥርዓት ቀዩ ኮድ 1 የታክሲ፣ ሰማያዊው ኮድ 2 የግል፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁሩ ኮድ 4 የመንግሥት መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር። ሊብሬ የባለቤትነቱ መዝገብ ነው፤ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር በውስጡ ስለ ሰፈረ የተሰረቀውን ከተገዛው ይለያል። ቦሎ ደግሞ ተሽከርካሪው በዓመቱ ተመርምሮ ማለፉን የሚያሳይ ምልክት ነው። አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ ሁሉ እንዲመረመርና እንዲመዘገብ ያዘዘው ሰውን ለማንገላታት ብሎ አይደለም። ፍሬኑ ሳይታይ ቦሎ የተለጠፈበት የጭነት መኪና ከቁልቁለቱ ሲወርድ፣ የተለጠፈው ወረቀት ሊያቆመው አይችልም።

እንግዲህ ሕጉ መልካም ከሆነ ችግሩ ከወዴት መጣ? ችግሩ ያለው በመስኮቱና በባለጉዳዩ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ደላላው ይቆማል። ደላላው ባለጉዳዩን በደጃፉ ተቀብሎ፣ «አንተ ምን አደከመህ? ትንሽ ለሻይ ካልክ እኔ እጨርስልሃለሁ» ይለዋል። ባለጉዳዩም የሥራ ሰዓቱ እንዳይባክንበት በማሰብ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። በውስጥ ደግሞ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት እንደ ምክር የያዘ ሠራተኛ ከተገኘ ሰንሰለቱ ሞላ ማለት ነው። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ ይዘው የተገኙ ሰዎች በፖሊስ መያዛቸውን በየጊዜው ስንሰማ የምናየው የዚህን ሰንሰለት መጨረሻ ብቻ ነው። መጀመሪያው ግን ያቺ «ለሻይ» የተባለችው ገንዘብ ናት።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ሳንሰማው ልናልፍ አይገባም። «ሰልፉ ረጅም ነው፤ ፋይል ይጠፋል፤ ‹ነገ ተመለስ› የተባለ ሰው ነገም ‹ነገ ተመለስ› ይባላል። መንዳት የሚችል ሰው ጊዜውን ለማዳን ገንዘብ ቢከፍል ማንን ጎዳ?» ይላሉ። የአቤቱታው ግማሽ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። አንደኛ፣ መንዳት የሚችለው ሰው በከፈለበት በር መንዳት የማይችለውም ይገባበታል፤ ደላላ ብቃትን አይመዝንምና። ሁለተኛ፣ ለከፈለ ፈጥኖ የሚሠራ መስኮት ለማይከፍለው ይበልጥ መዘግየቱ አይቀርም። መዘግየቱ ገቢ ካመጣ ማን ያፋጥነዋል? ስለዚህ ጉቦ የሰልፉ መድኃኒት ሳይሆን የሰልፉ ምክንያት ነው። ሦስተኛ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ በሥልጠናው ላይ የዳነው ጥቂት ሳምንት በአንድ አደጋ ምክንያት በእስር ቤት ወይም በሆስፒታል ዓመታት ሊመለስ ይችላል።

ነገር ግን ፍርዳችን በባለጉዳዩ ላይ ብቻ ቢወድቅ ሚዛን ማዛባት ይሆናል። መሥሪያ ቤቱም ዕዳ አለበት። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ክፍያው ስንት እንደ ሆነና በስንት ቀን እንደሚያልቅ በግልጽ አማርኛ ጽፎ በደጃፉ ቢለጥፍ፣ ደላላው የሚሸጠው ዕውቀት አይኖረውም። የንድፈ ሐሳቡ ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠቱ መልካም እርምጃ ነው፤ መሣሪያው ዘመድና ባዕድ አይለይምና። ሆኖም መሣሪያውን የሚያዘው ሰው ስለ ሆነ፣ የፈታኙም ሥራ በሌላ ዓይን መታየት አለበት። በፈተና የወደቀ ሰው የወደቀበትን ምክንያት ተነግሮት እንደገና እንዲለማመድ ቢመከር፣ መውደቁን እንደ በደል ሳይሆን እንደ ትምህርት ይቀበለዋል። ሐቀኛው ፈታኝ ደግሞ ሊመሰገንና ሊከበር ይገባል። አላዋቂውን «ገና ነህ» ብሎ ሲመልሰው፣ ምናልባት በጀሞ መንገድ ላይ አንድ ሕፃን ከሞት አድኗል። ሕፃኑ ግን አያውቀውም፤ ወላጆቹም መጥተው አያመሰግኑትም።

ጉዳዩ ለእናንተ ለወጣቶች የሩቅ ነገር አይምሰላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናትና ወጣቶች በመግደል ረገድም የመንገድ አደጋ ቀዳሚ ምክንያት እንደ ሆነ ገልጿል። በከተማችን በአዲስ አበባ ደግሞ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በእግራችሁ የምትሄዱ እናንተ የዚህ መሥሪያ ቤት ዋና ባለጉዳዮች ናችሁ። በመስኮቱ ፊት ባትሰለፉም፣ በዚያ የሚሰጠው እያንዳንዱ ፈቃድ የሚነካው እናንተን ነው።

ታዲያ ምን ታደርጉ ዘንድ ይገባል? አስቀድማችሁ የመንገድን ምልክቶች ከአሁኑ ተማሩ፤ ለነጂ ብቻ የተጻፉ አይደሉምና። በቤታችሁ መኪና ያለው ሰው ቢኖር ቦሎውን በምርመራ እንጂ በትውውቅ እንዳያወጣ በአክብሮት አሳስቡት። ጊዜው ደርሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ስትሄዱ ማስታወቂያውን ራሳችሁ አንብቡ፤ ማመልከቻችሁን ራሳችሁ ጻፉ፤ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ጠይቃችሁ ያዙ። የተማረ ሰው ደላላ ሊያነብለት አይገባውም። ብትወድቁ ተለማምዳችሁ ተመለሱ። ሕገ ወጥ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ቢኖር ለበላይ ኃላፊው አመልክቱ።

ይህን ሁሉ ማድረግ ጊዜ ይወስዳል፤ ያደክማልም። ሆኖም በሰልፍ ቆሞ፣ ተፈትኖና አልፎ ካርዱን የተቀበለ ሰው መሪውን የሚጨብጠው በገዛው ዕቃ ላይ እንደ አዘዘ ሆኖ ሳይሆን፣ የሰው ገንዘብ እንደ ተቀበለ ባለአደራ ተጠንቅቆ ነው። ከተማችን የምትሻው እንዲህ ያለውን ነጂ ነው። እግረኛው በቀለም በተሠመረው መሻገሪያ ላይ እግሩን ሲያሳርፍ የሚተማመነውም በእርሱ ነው።