ፊርማ የሚጠብቅ ጭንቅላት

በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ነው፦ ሐሳብ ያለው ወጣት ሐሳቡን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። «አለቃ ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለስ» ይባላል። በመጨረሻ ዝም ማለትን ይለምዳል። እንዲህ ነው ሰው የምናጣው።

ሌላ መንገድ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዮስ ደ ብሎክ የተባለ ነርስ ቡርትዞርግ የተሰኘ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት መሠረተ። ቢበዛ 12 ሰው ያለው የነርሶች ቡድን ያለ አለቃ ፕሮግራሙን ራሱ ያወጣል፤ ባልደረባውንም ራሱ ይቀጥራል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶች እንዲህ ይሠራሉ። ሥርዓት አልጠፋም፤ ውሳኔው ግን ከበሽተኛው አጠገብ ላለው ሰው ተሰጠ።

ወንድሞችና እህቶች! ነገ አለቃ የምንሆነው እኛው ነን። በሱቃችንም ሆነ በጀመዓችን ከዛሬ እንጀምር፦ ሥራን ስንሰጥ ከነውሳኔው እንስጥ። አማና ያልተሰጠው ሰው አማና መጠበቅን ከየት ይማራል?