የከባድ መኪና ፈተና ወድቀሽ ወደ ቤት ስትመለሺ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብ፣ ስለ ቤት ወጪና ስለ ትዳር ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከማድ ቤት ወጥቶ ጋቢና ውስጥ ይገባል። ይሁንና መጨረሻው ዞሮ ዞሮ ቤት ነውና እስከ ፍጻሜው አብረሽን ቆዪ።

በቅርቡ ለሥራ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ሄጄ ሳለሁ ሞጣ ላይ ቡና ከተጠራሁበት ቤት አንዲት ሴት አገኘሁ። ዕድሜዋ 36 ዓመት ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ትዳሯና ቤቷ ቢቸና ነው። ሞጣ የመጣችው ታላቅ እኅቷ ዘንድ ተቀምጣ የጭነት መኪና መንዳት ለመማር ነበር። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ታሪኳን ግን «ሌላዋን ይጠቅም እንደሆነ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ቢቸና የጤፍ አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። ይህች እኅታችንም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ቆማ ከሚዛን የሚወርደውን ጆንያ ስትመዘግብ ኖራለች። ጠዋት ባዶውን የመጣው መኪና ማታ ሸራውን ለብሶ ወደ ደጀን ሲያቀና እያየች፣ «ኩንታሉን ቆጥሬ የማስጭነው እኔ፣ አገር የሚያየውና ደህና የሚከፈለው ሹፌሩ» ትል ነበር። አንድ ቀን ማለቱን ተወችና እቁብ ገባች። እጣው ሲወጣላት ከባሏ ጋር ተማክራ ሥራዋን ለቀቀች፤ ልጆቿን ለአማቷ ትታ ሥልጠና ጀመረች።

የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የተግባሩ ዕለት ግን መኪናውን በኋላ ማርሽ ወደ ተከለለው ቦታ ስታስገባ ጅራቱ ከምሰሶው ጋር ተነካካ። ፈታኙ በወረቀቱ ላይ ጻፈና የሚቀጥለውን ተፈታኝ ጠራ። ተሰልፈው ከሚጠብቁት ወንዶች አንዱ «ይሄ እኮ ወጥ አይደለም!» ብሎ ሳቀ። ያን ዕለት ከወንዶቹም የወደቁ ነበሩ፤ በእነሱ ጊዜ ግን ስለ ወጥ ያነሣ ሰው አልነበረም።

እኔ ያገኘኋት በወደቀች በስምንተኛው ቀን ነው። በእነዚያ ስምንት ቀናት ባሏ በስልክ ሲጠይቃት «ውጤቱ ገና አልተነገረም» እያለች ስታድበሰብስ ሰንብታለች። የመጋዘኑን ሥራዋን ሌላ ሰው ይዞታል። እቁቡን ቀድማ ስለ በላች የቀሩትን ወራት መክፈል አለባት። በዚህ ላይ አንድ ደላላ ቀረብ ብሎ «ገንዘብ ካለሽ ፈተና ምን ያደርግልሻል? መንጃ ፈቃዱን እኔ አስጨርስልሻለሁ» ብሏታል። ስንገናኝ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስታወጣ ስታወርድ የነበረው ይህንኑ ነበር።

እስቲ አንቺ በእሷ ቦታ ብትሆኚ ኖሮ ብለሽ አስቢ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የመጀመሪያውን ምሳር የምታነሺው ግን አብዛኛውን ጊዜ አንቺው ራስሽ ነሽ። «ድሮም ለእኔ አይሆንም ነበር» ትያለሽ። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን መውደቅ ምን ያህል የተለመደ ነገር እንደሆነ እንይ።

የመንጃ ፈቃድ ፈተና ውጤት በየዓመቱ በሚታተምበት በእንግሊዝ አገር፣ በአነስተኛ መኪና የተግባር ፈተና ከሚቀርቡት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይወድቃሉ። በከባድ መኪና ፈተና ደግሞ ከአሥር ተፈታኞች አራት ያህሉ ሳያልፉ ይመለሳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተመልሰው ይፈተኑና ያልፋሉ፤ ዛሬ መንገዱን ሞልተው የሚነዱትም እነሱ ናቸው።

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። የባሕር ዳሯ ተወላጅ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ የአውሮፕላን አብራሪነት ማሠልጠኛ ለመግባት ቢያመለክቱም በመጀመሪያ አልተሳካላቸውም። በዚያው አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጅ ሆነው ሠሩና እንደገና ሞከሩ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ሲያስተናግዱ የቆዩበት ጊዜ ከአውሮፕላኑ አላራቃቸውም፤ ከበሩ አጠገብ ሆነው ጠበቁ።

«መኪናና አውሮፕላን የወንድ ነው» የሚለው አነጋገርም የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በሩሲያ ሴቶች በከባድ ጭነት መኪና ሹፌርነት እንዳይቀጠሩ የሚከለክለው ደንብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። የቢቸናዋን እኅታችንን ግን የጣላት ሕግም ሴትነትም አይደለም፤ የኋላ ማርሽ ነው። የኋላ ማርሽ ደግሞ ይማሩታል።

እንግዲህ ፈተና የወደቀች ሴት ምን ታድርግ?

አንደኛ፣ የወደቀችበትን ቦታ ለይታ ትወቅ። እኔ ራሴ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ስማር አንድ ፈተና ወድቄ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም ነበር። መምህሩ ወረቀቴን ሊያሳየኝ ቢጠራኝም አፍሬ ቀረሁ። ምኑን እንደ ሳትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሐፍረት የሚያስከፍለው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፤ ስሕተትን ሳያዩ መቅረት። አንቺ ግን በዚያው ዕለት፣ ካልተቻለሽም በማግሥቱ፣ አሠልጣኝሽን «የቱ ላይ ነው የጎደልኩት?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በወረቀት ላይ ጻፊው። «መንዳት አልችልም» የሚለው ሐሳብ ተራራ ነው፤ «ወደ ኋላ ሳስገባ የቀኙን ስፖኪዮ አላየሁም» የሚለው ግን በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚቃና ነገር ነው።

እኅታችንን ጠይቄያት ሳወጣጣት ነገሩ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ። የጭነት መኪና እንደ ቤት መኪና ዞሮ በኋላ መስተዋት የሚታይበት አይደለም፤ ጭነቱና ስፖንዳው ይጋርዱታል። ሹፌሩ ዓይኑ ሁለቱ ስፖኪዮዎች ናቸው። ጀማሪ ሰው ጅራቱ ወደሚገባበት በኩል ያለውን ብቻ አፍጥጦ ያያል፤ በዚህ መካከል የሌላው ጎን ይረሳል፤ አፍንጫው ደግሞ በተቃራኒው ወገን ሰፍቶ ይዞራል። ሁለተኛው ጥፋት ፍጥነት ነው። ፍሪሲዮኑን በእግር እየያዙ መኪናውን እንደ ኤሊ ማስኬድ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ማየት፣ ሲጠራጠሩም ቆም ማለት ያስፈልጋል። ተሳቢ ያለው መኪና ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የተሳቢው ጅራት ወደ ቀኝ እንዲሄድ መሪውን መጀመሪያ ወደ ግራ ማዞር ግድ ነው። ይህ ሁሉ የእጅና የዓይን ልማድ ነው። እንጀራ በምጣድ ላይ ዙሪያውን አስተካክሎ ማፍሰስም መጀመሪያ ጊዜ እንዲሁ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስምንት ቀን አትደብቂ። የትዳር ጓደኛሽና የቤቱ ሰዎች ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ከአንቺ ጋር አውጥተዋል። ውጤቱን ከሌላ ሰው ቢሰሙ የሚጎዳቸው መውደቅሽ ሳይሆን መደበቅሽ ነው። ለልጆችም ቢሆን በሚገባቸው ቋንቋ ንገሪያቸው። እናታቸው ወድቃ ተነሥታ እንደገና ስትማር ያዩ ልጆች፣ በትምህርት ቤት ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ቀን ካርዳቸውን አይሸሽጉሽም።

ሦስተኛ፣ ሒሳብሽን አስይዥ። ዕቁብ ቀድሞ የበላ ሰው ዕዳ አለበት። ስንት ወር እንደ ቀረ፣ በየወሩ ስንት እንደሚከፈል፣ ለተጨማሪ ልምምድና ለሁለተኛው ፈተና ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በደብተር ላይ አስፍሪ። ከባልሽ ጋር ተቀምጣችሁ «ስንት ጊዜ ልሞክር? እስከ መቼ?» የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ። በመካከሉ የሚያበላ ሥራ ፈልጊ። የቢቸናዋ እኅታችን ከታኅሣሥ ጀምሮ አዲሱ ጤፍ ወደ ገበያ ሲጎርፍ መጋዘኖች መዝጋቢ እንደሚፈልጉ ከማንም በላይ ታውቃለች። ወደ አሮጌው ሥራ ለጥቂት ወራት መመለስ ሽንፈት ሊመስላት አይገባም። ሞክረሽ ሞክረሽ መተው ቢመጣም ነውር የለበትም፤ ብቻ ሐፍረት አባሮሽ ሳይሆን ሒሳብሽን አይተሽ ተዪው።

አራተኛና ከሁሉ የሚከብደው የደላላው ነገር ነው። እዚህ ላይ ቃሌን አላለሳልስም። በገንዘብ የተገኘ መንጃ ፈቃድ ሰው ይገድላል። በአገራችን በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በመኪና አደጋ ያልቃሉ። ከቢቸና የተነሣ የጤፍ ጭነት አዲስ አበባ ለመድረስ ደጀንን አልፎ የዓባይን በረሃ መውረድ አለበት። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናው ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ለመውረድ የሚሞክር ሹፌር ፍሬኑ ይግልበታል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይረገጣል እንጂ አይዝም። የሚያውቅ ሹፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን በሞተሩ እየያዘ ይወርዳል። ያን ቁልቁለት ደላላው አብሮሽ አይወርድም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዓባይ በረሃ ላይ ከተፈታ የሚይዘው የለም።

ፈታኙ ያን ዕለት «አላለፍሽም» ሲል ምሰሶውን ነው ያየው። ምሰሶው ሕፃን ሊሆን ይችል እንደነበር አንቺ እናት ስለሆንሽ ትረጂዋለሽ።

አምስተኛ፣ ከባዶ እንደምትጀምሪ አድርገሽ አትቁጠሪ። ሥራ የምትለውጥ ሴት ያለፈውን ሁሉ ጥላ የምትሄድ ይመስላታል። ዘጠኝ ዓመት ጆንያ ያስጫነች ሴት ግን ብዙ ወንዶች ጋቢና ከገቡ በኋላ የሚማሩትን ታውቃለች። ጭነት ወደ ኋላ ከበዛ የፊቱ ጎማ ቀልሎ መሪው እንደማይታዘዝ፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጥምዝ ላይ እንደሚገለብጥ፣ ከልክ በላይ ከተጫነ ጎማና ፍሬን እንደሚጨርስ በዓይኗ አይታለች። የጫኝና አውራጁን ጠባይ፣ የነጋዴውን ንግግርና የሚዛኑን ተንኮል ታውቃለች። የቀራት የኋላ ማርሹ ነው።

ለባሎች፣ ለአማቶችና ለጎረቤቶችም አንድ ቃል አለን። ሴት ልጅ ፈተና ወድቃ ስትመለስ «ብለንሽ አልነበረም?» ማለት ቀላል ነው፤ ጥቅሙ ግን ለማንም አይደለም። ሁለተኛውን ፈተና ከመቀመጧ በፊት ልጆቹን ጠዋት ማን ያበላል፣ ማን ከትምህርት ቤት ይቀበላል፣ ሥራውን ስትጀምርስ መንገድ ላይ በምታድርበት ሌሊት የት ታርፋለች የሚለውን አብራችሁ ተነጋገሩ። ይህ ሳይታሰብ የተገኘ መንጃ ፈቃድ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል።

ያን ዕለት ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ እኅቷ ስልኩን አንሥታ ሰጠቻት። «በይ ደውይ» አለቻት እንጂ ሌላ አልጨመረችም። ወጣ ብላ ደወለች። ከደጁ ድምፅዋ ይሰማን ነበር፤ መጀመሪያ ዝቅ ያለ፣ ቀጥሎ ዝም፣ ከዚያም ረዘም ያለ ማብራሪያ። ተመልሳ ስትቀመጥ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«ምን አለሽ?» ብላ እኅቷ ጠየቀቻት።

«‹የቱ ላይ ነው የወደቅሽ?› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም» አለች።

በማግሥቱ ከሞጣ ስነሣ ከእኅቷ ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አራት ቢጫ ጄሪካኖች በአራት ማዕዘን ተደርድረው አየሁ። ልጆቹ ከቤት ያወጡላት ናቸው። ጧቱን አሠልጣኟ መኪናውን ይዞ እንዲመጣ ተስማምተዋል። ይህን ስጽፍ ሁለተኛው ፈተናዋ ገና ነው። ለደላላውም ያለችውን ነግራኛለች፤ «ገንዘቤን ለጄሪካኑ አድርጌዋለሁ» ብላዋለች።

አንቺም በያዝሽው ሥራ ላይ ወድቀሽ እንደሆነ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ የቱ ላይ እንደሆነ ጠይቂ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቺ።