«ሲስተም የለም» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለችው ኤረር፣ ከገጠር የመጣ ሰው «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ቀኑንም የትራንስፖርት ብሩንም ከስሮ ነው። እኛም ወዲያው ኔትወርኩን እንረግማለን። ለኔ ግን ጥፋቱ ሁሌ የኔትወርክ አይመስለኝም።

የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ካገኘ ወዲህ የባንኩም የመሥሪያ ቤቱም ሲስተም ከሱ ጋር እየተያያዘ ነው። መሃል ላይ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አገናኝ ሰርቨር አለ። እሱ ከጠበበ፣ ሁለቱም ጫፍ ደህና ሆኖ ሥራው ይቆማል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 10 ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ 2 ሰከንድ ቢወስድ፣ ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ 20 ይይዛል። የደመወዝ ሰሞን 50 ቢመጣስ? 100 መያዝ አለበት። ምላሹ ወደ 4 ሰከንድ ከዘገየ ደግሞ 200። በአዘቦት ቀን የተለካ ሰርቨር እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። አንድ ትልቅ መግዛትም አይበቃም፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ብቻውን ሥራውን የሚችል ሁለት ያስፈልጋል።

ስለዚህ «አዲስ ሲስተም ዘረጋን» ሲሉን፣ «በተጨናነቀው ቀን ስንት ይችላል? አንዱ ቢወድቅስ?» እንበላቸው። መልስ ከሌላቸው የኤረሩ ሰው ነገም ባዶ እጁን ይመለሳል።